ቁልፍና ሳጥን አብረው አይሳፈሩም

ደምለውን መጀመሪያ ያየሁት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ፣ በስሜ የተላከልኝን ዕቃ አልሰጥም ብሎ ሲሟገተኝ ነው።

ዕቃው አንዲት የኮምፒውተር ፍላሽ ናት። ከመርጡለ ማርያም ቅርንጫፋችን የተላከች፣ ጭቃ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ያረፈድኩላት ፍላሽ። ሌላ ጊዜ ሾፌሩ እንዳላማው በመስኮት ያቀብለኝና «ሻይ አለብሽ!» ብሎኝ ይሄድ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ አንድ ቀጭን ረዥም ልጅ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ዙሪያውን ያማትራል።

«እንዳላማው፣ ዕቃዬስ?» አልኩት ሾፌሩን።

«ዛሬ ላኪው ራሱ ይዞት መጥቷል። ከሱ ጋር ተጨራረሱ» አለኝ በአገጩ እያመለከተኝ።

ሄድኩና እጄን ዘረጋሁ። «ፍላሿን ስጠኝ።»

«ማን ልበል?»

«አይናዲስ ነኛ! ከዋናው ቢሮ።»

«አይናዲስ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

«እንዴ! በየሳምንቱ በስልክ ስታወራኝ ከርመህ ድምፄ ጠፋህ?»

«ድምፅ መታወቂያ አይሆንም» አለኝ፤ ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት እንኳ የለም። «መታወቂያ አሳዪኝ።»

መታወቂያዬ ቢሮ ነው ያለው። እሱን ስነግረው «እንግዲያው ቢሮ ድረስ እሄዳለሁ» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቀድሞኝ መንገድ ጀመረ። ቢሮው የት እንደሆነ ሳያውቅ! ወደ ከብት ገበያው አቅጣጫ ሲነጉድ አይቼ ሳቄም ንዴቴም እኩል መጣብኝ። «ግትር!» ብዬ ጮህኩበት። ዞር አለ። ያኔ ነው ዓይኑን በደንብ ያየሁት። ለካ ፈርቶ ነው የቆየው፤ ፍርሃቱን ነው በጃኬቱ የቆለፈው።

ሥራችንን ካልነገርኳችሁ ሰውየው እብድ ይመስላችኋል። ማኅበራችን ተደብድበው ከቤት ለወጡ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ለተሰደዱ ሴቶች ጠበቃ የሚያቆም፣ መጠጊያ የሚፈልግ ትንሽ ማኅበር ነው። ማርቆስ ላይ ከአንድ መድኃኒት ቤት ፎቅ ሁለት ክፍል አለን፤ መርጡለ ማርያም ላይ አንዲት ክፍል። ጠበቃው እኛ ጋ ነው፣ ሴቶቹ እነሱ ጋ ናቸው። ስለዚህ ስማቸው፣ የተደበቁበት ቤት፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ሁሉም ከዚያ ወደዚህ መምጣት አለበት። ኢንተርኔት ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ብቅ ቢል ሳምንቱን ይጠፋል።

ረጂዎቻችን መረጃችንን እንዴት እንደምንጠብቅ ጠየቁና «ክላውድ ተጠቀሙ» የሚል ምክር ላኩልን። የማኅበሩ ኃላፊ ወይዘሮ ዘመናይ ክላውድ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደመና ማለት ነው አልኳት። በመስኮት የሐምሌን ሰማይ አየችና «እሱማ በነጻ ሞልቶናል» አለች። ከዚያ በላይ በጀት አልነበረንም። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር ካነሳችሁ «በጀት የለም» ትላለች፤ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» እንደሚባለው ሆኖባታል።

ፍላሽ ከመጀመሩ በፊት ወረቀት በፖስታ ነበር የሚላከው። አንዱን ፖስታ የአንዲት ሴት ባል ከመኪናው ላይ «ለኛ ነው» ብሎ ተቀበለ። ከፍቶ አነበበ። የተደበቀችበት ቤት ድረስ ሄደባት። ጎረቤት ባይደርስላት ኖሮ ዛሬ የሷን ነገር የማወራላችሁ በሌላ ድምፅ ነበር። ደምለው ከዚያ በኋላ ነው መርጡለ ማርያም ላይ የተቀጠረው። ከሰው ሁሉ መታወቂያ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

የዚያን ቀን ቢሮ ገብቶ፣ መታወቂያዬን ገልብጦ አይቶ፣ ፎቶዬንና ፊቴን ሁለት ጊዜ ካመሳከረ በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ አንድ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ጫነልኝ። ፋይሉን አጥፎ በይለፍ ቃል የሚቆልፍ ነው።

«ፍላሿ በአውቶቡስ ትመጣለች» አለኝ። «የይለፍ ቃሉ ግን በሌላ መንገድ። ቁልፍና ሳጥን አብረው አይሳፈሩም።»

«በስልክ ትነግረኛለሃ።»

«ስልኬ ኔትወርክ የሚይዘው ሱቁ በረንዳ ላይ ብቻ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ይሰማኛል። አንቺስ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ወይዘሮ ዘመናይ ጠረጴዛዋ ላይ ናት። አግዳሚው ላይ ሦስት ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል። አንዷ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ ሁሉንም ሰምታለች።

«እንግዲያው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን ነገር በስልክ አስታውስሻለሁ። ቃሉን እኔ አልጠራውም፤ አንቺ ትጽፊዋለሽ።»

«እኔና አንተ ብቻ የምናውቀው ምን ነገር አለ?»

«ለዛሬ አንድ አለ» አለ። ጆሮው ቀላ።

በሳምንቱ ደወለ። «መናኸሪያ ላይ ምን ብለሽ ሰደብሽኝ?» አለኝና ዘጋው። ግትር ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉ ተከፈተ። ኮምፒውተር እንዲህ ያስቃል ብሎ ማን ይገምታል?

በሚቀጥለው ሳምንት «ያን ቀን የቢሯችሁ ደረጃ ላይ ጫማዬ ምን ሆነ?» አለኝ። ሶሉ ተገንጥሎ ነበር። ከዚያ ምሳ ላይ ምን እንደደፋሁበት ጠየቀኝ። ከዚያ ሊሳፈር ሲል ምን እንደረሳ። አንድ ቀን ግን ደውሎ ዝም አለ። የሱቁ በረንዳ ጫጫታ ይሰማኛል።

«አለቀብን» አለ።

«ምኑ?»

«ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ነገር።»

ወይዘሮ ዘመናይ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት፤ ምን እንደሚጠቅመኝ እንጃ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት።

«መጨመር ነዋ» አለ።

መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ የሚያስቸግርበት ጊዜ ስለነበር አውቶቡሱ ብዙ ጊዜ ከሉማሜ አያልፍም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከማርቆስ በአምበር አድርጌ እወርዳለሁ፣ እሱ ከመርጡለ ማርያም ይመጣል፣ ሉማሜ አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት እንገናኛለን። ሥራ ነው! ለወይዘሮ ዘመናይም እንደዚያው ነው ያልኳት።

«ሥራማ ነው» አለችኝ። «ፀጉርሽን የተሠራሽውም ለሥራ ነው።»

ሻይ ቤቷ ውስጥ እንዲህ ነበር የምናደርገው። እሱ ለማንም ያልነገረውን አንድ ነገር ይነግረኛል፤ እኔም አንድ እነግረዋለሁ። በሳምንቱ ከነዚያ ውስጥ አንዱ የይለፍ ቃል ይሆናል። በልጅነቴ የሰንበቴ ዳቦ ሰርቄ ኪሴ ውስጥ እንደሻገተብኝ ነገርኩት። እሱ ደግሞ እናቱ የብርጓል የሞተችው እሱ ፈተና ላይ ተቀምጦ ሳለ እንደሆነ ነገረኝ። አጎቱ አቶ እንዳለ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ፈተናውን ሳያቋርጡት እስኪጨርስ ጠበቁት። ደምለው እየሳቀ ወጣ፣ ቀንቶታል። እንዲያ እየሳቀ ነው መርዶውን የተረዳው።

በሳምንቱ ደወለ። «ፈተናው የምን ነበር?»

ጂኦግራፊ ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉ ተከፈተ፤ እኔ ግን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ወይዘሮ ዘመናይ «ቫይረስ ገባበት?» አለችኝ ደንግጣ። የኔም እናት ከሞተች ቆይቷል። ነገር ግን ያለቀስኩት ለናቴም ለናቱም አይመስለኝም። እየሳቀ ለወጣው ልጅ ነው። ያን ቀን ነው እንደምወደው ያወቅኩት፤ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ አልገፋ ይለኛል። ቅዳሜ ይደርስና ደግሞ ሰዓቱ ይበራል። ብዙ አናወራም ነበር። እሱ ስኳሩን ሲያማስል አየዋለሁ፣ ቀና ሲል ወደ መንገዱ እዞራለሁ። እኔ ወደ መንገዱ ስዞር እሱ ያየኛል፤ ፊቴ ላይ ይሰማኛል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሁለታችንን አይታ አይታ አንድ ቀን «እናንተ ልጆች፣ ተጣልታችሁ ነው?» አለችን።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ነው። ብርጭቆውን ገፋ አደረገና «አይናዲስ» አለኝ።

«ወዬ።»

«አጎቴን ልልከው ነው።»

«የት?» አልኩት፤ እያወቅኩ።

«ገበያ!» አለ ተናዶ። «አባትሽ ዘንድ ነዋ! የት ይልኩታል ሽማግሌ?»

ወዲያው እሺ ማለት አማረኝ። ግን ሴት ልጅ ነኝ፣ ትንሽ ማቆየት አለብኝ። ሻዬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ሻዬ እስኪበርድ ነው።»

«አይናዲስ!»

«ላከው» አልኩት። «ቶሎ ላከው፤ ሌላ ምን ልበልህ?»

ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጃኬቱን ዚፕ እስከ ወገቡ ፈታው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ፍላሿን ይኸው። የዚህን ሳምንት ቁልፍ አልጠይቅሽም፣ እነግርሻለሁ። የክርስትና ስሜን ነው ያደረግኩት።»

እናንተ እንደምታውቁት የክርስትና ስም እኛ ዘንድ እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ስሙን ያወቀ ክፉ ሰው ምን እንደሚሠራበት አይታወቅም ይባላል። ባል ለሚስቱ የሚነግራት እንኳ ቆይቶ ነው።

«ከሞተችው እናቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቀው የለም» አለኝ። «አሁን አንቺ ታውቂዋለሽ። ወልደ ሩፋኤል።»

ክው አልኩ።

አባዬ ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሲጸልይ የሚለምንላቸውን ሰዎች በክርስትና ስማቸው ይጠራል። የናቴን ይጠራል። የኔን ይጠራል፤ እሱን አልነግራችሁም። ከሁሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ወልደ ሩፋኤልንም ባለበት ጠብቀው» ይላል። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ልጅ ሳለሁ የቤታችን መልአክ ይመስለኝ ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ምነው? አስቀያሚ ነው እንዴ?» አለኝ ደምለው።

«አይ፣ ያምራል» አልኩት።

ሚኒባስ ውስጥ እስከ ማርቆስ ድረስ ራሴን ሳጽናና መጣሁ። አገር ሙሉ ወልደ ሩፋኤል አለ፤ ስም ስም ነው፤ ምን ነክቶኝ ነው? በማግስቱ ጠዋት አባዬ ጸሎቱን ጨርሶ ጋቢውን ሲያስተካክል ቁርሱን አቀረብኩለትና እንደ ዋዛ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ወልደ ሩፋኤል ማነው?»

አባዬ ጡረታ የወጣ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነው። አገሩን ሁሉ በእግሩ አዳርሶታል። ጥያቄዬን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ልጄ ነዋ!» አለኝ። «የክርስትና ልጄ። እናትሽን ሳላገባ መርጡለ ማርያም ተመድቤ ሳለሁ ነው። ጳጉሜን ሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ለጉድ ወርዶ፣ ክርስትና ሊያነሳው የነበረው ሰው ወንዝ ሞልቶበት ቀረ። አርባ ቀኑ ነው፣ ቄሱ አይጠብቁም። እናቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ ታለቅሳለች። እኔ መድኃኒት መርጫዬን ተሸክሜ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሳልፍ 'አንተ የወባ! ክርስቲያን ነህ? ና ግባ!' አሉኝ። በዚህ እጄ ነው የተቀበልኩት።»

«ስሙ ማን ይባላል? የዓለም ስሙ?»

«ገና አላወጡለትም ነበር፤ ማሙሽ ነበር የሚሉት። ወዲያው ወደ መተከል አዘዋወሩኝ። በኋላ ሰው ልኬ ሳስፈልግ እናቲቱ የብርጓል ሞታለች፣ ልጁን ዘመድ ወስዶታል አሉኝ።» ጋቢውን ወደ ዓይኑ ወሰደ። «ወንድ ልጅ ሥላሴ አልሰጡኝም፤ የሰጡኝንም እኔ ጣልኩት። አንቺ ወንድም አለሽ እኮ፣ አይናዲስ። አንድ ቀን ታገኚዋለሽ።»

ምን በወጣኝ! ምን አድርጌ? የክርስትና አባትና የክርስትና ልጅ አባትና ልጅ ናቸው፤ እኔና ደምለውም እንግዲያው እህትና ወንድም ነን። ሰባት ቤት ቢቆጠር አንድም የሥጋ ዝምድና የለንም፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አታጋባንም።

ቢሮ ገባሁ። ፍላሿን ሰካሁ። ወልደ ሩፋኤል ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉ እንደ ሁልጊዜው ተከፈተ፤ እኔ እንዳይከፈት ነበር የፈለግኩት።

ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አንዲት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት» ብዬ ጠየቅኳቸው። ገና ሳልጨርስ ነው ያወቁብኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ለጓደኛሽ የምነግራት መልካም ነገር ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ። የለኝም። ትተወው።»

ለደምለው መንገር ነበረብኝ። በስልክ፣ ወይዘሮ ዘመናይና አግዳሚው ሁሉ እየሰማ እንዴት አድርጌ? ቢሆንም ልሞክር ብዬ ደወልኩ። አይሠራም። በማግስቱም አይሠራም። ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ። መናኸሪያ ወረድኩ። እንዳላማው አውቶቡሱን እያጠበ ነው፤ የታጠበውን መልሶ ያጥበዋል።

«መንገዱ ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት እኔም አላውቅ» አለኝ።

«መልእክት ብቻ አድርስልኝ። ደምለውን አትምጡ በልልኝ።»

«አይናዲስዬ፣ በምን ላድርስልሽ? በእርግብ?» አለና ፊቴን ሲያይ ስፖንጁን አስቀመጠ። «ምነው፣ የሞተ ሰው አለ?»

የለም አልኩትና ተመለስኩ።

ያን ሰሞን ያሰብኩትን ሁሉ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም። ዝም ብልስ? አባዬ የሚያውቀው ስሙን ነው፣ ሰውየውን አያውቅም። ደምለው የሚያውቀው ስሙን ነው፣ ያነሳውን ሰው አያውቅም። ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ሌሊት እንዲህ ብዬ እወስናለሁ። ጠዋት አባዬ ተነስቶ «ወልደ ሩፋኤልንም ባለበት ጠብቀው» ሲል ውሳኔዬ ውሃ ይሆናል። ባሌን ወንድምሽ ነው እያለ የሚጸልይ አባት ፊት እንዴት ነው የምኖረው?

መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ በመጣው አውቶቡስ ሽማግሌዎቹ መጡ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። አጎቱ አቶ እንዳለ፣ አንድ ቄስና አንድ ሌላ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆሙ። አባዬ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲላቸው «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነው። እኔ ጓዳ ውስጥ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዤ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።

አቶ እንዳለ ተናገሩ። እንደ ልጃቸው ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ እንዳላቸው፣ ደምለው እንደሚባል፣ ከኔ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት እንደሆነ ነግረው «ልጅ ይስጡን» አሉ። አባዬ ደስ ብሎታል፤ ደስታውን ለመደበቅ ነው ግንባሩን የቋጠረው። ዘር ቆጠራ ገቡ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ከዚያም ወዲያ። ቄሱ በጣታቸው እየያዙ ሰባት ቤት አደረሱትና «ንጹሕ ነው» አሉ።

«እሰይ!» አለ አባዬ፤ መደበቁ አልሆነለትም። «እንዲያው የክርስትና አባቱስ ማነው? ለሠርጉ እንድንጠራው ነው።»

አቶ እንዳለ አንገታቸውን አከኩ። «እሱስ የለም። መንገደኛ ነበር ይላሉ። ወንዝ ሞልቶ ሰው ቀርቶባቸው፣ አንድ የወባ ሠራተኛ ከመንገድ ጠርተው ነው ያስነሱት። ስሙንም አናውቅ።»

አባዬ የገዛ እጆቹን አገላብጦ አያቸው። ዘልዬ ወጥቼ አባዬ ተው ልለው አፌን ከፈትኩ። ምኑን ነው የሚተወው? አንድ ነገር አላደረገም እኮ። ማንም ምንም አላደረገም።

«ልጁ የት ነው?» አለ አባዬ። ድምፁ የሱ አልመስል አለኝ።

«ከውጭ ነው ያለ።»

«ጥሩልኝ።»

ደምለው አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። እጅ ነሣ። በመጋረጃው በኩል ሲፈልገኝ ዓይናችን ተገናኘና ፈገግ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ፈገግ አለ! አባዬ ቀርቦ የደምለውን ራስ በሁለት እጁ ያዘና ጆሮው ላይ አንዲት ቃል ተናገረ።

የደምለው ፊት ሲለወጥ አየሁ። አባዬን አይደለም ያየው፤ እኔን ነው።

«ነገርሽው?» አለኝ።

ከሆነብኝ ሁሉ ያቺን ያህል ያመመኝ የለም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩት። «እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ያውቀዋል።»

አልገባውም። አባዬ እጆቹን ወደፊት ዘረጋ፣ እንደ ታቀፈ ሰው። «በዚህ ነው የተቀበልኩህ» አለው። «እጄ ላይ አስነጥሰህ ነበር። ልጄ! ልጄ!» ብሎ ደረቱ ላይ ወደቀ። ያኔ ገባው። እጁን አንስቶ አባዬን ሲያቅፈው፣ በአባዬ ትከሻ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ቄሱ አማተቡ። አቶ እንዳለ ማንም ሳይጋብዛቸው መደቡ ላይ ቁጭ አሉ።

አባዬ ቀና ሲል ፊቱ ሁሉ እንባ ነው፤ ይስቃልም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«የመጣችሁበትን ልሰጣችሁ አልችልም» አላቸው። «ልጄን ለልጄ አልድርም። ምነው ሌላ ሰው ሆኖ በነበር! ምነው ሌላ ሰው ሆኖ በነበር እንዳልል ደግሞ፣ ስፈልገው ኖሬ...» ወደኔ አየ። የኔን ፊት ሲያይ ሳቁ ትንሽ ቆመ፣ ዓይኑን ከኔ ሰበረ። ከዚያ ለራሱም ለኛም እንደሚለምን ሆኖ «አትሂዱብኝ» አለ። «ልጄን ባገኘሁበት ቀን እንዴት ምሳ ሳትበሉ ትሄዳላችሁ? አይናዲስ፣ አስታጥቢያቸው።»

አስታጠብኳቸው። አቶ እንዳለን፣ ቄሱን፣ ሦስተኛውን ሽማግሌ። ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። አባዬ ደምለውን ከጎኑ አስቀምጦ ስለዚያ ዝናብ ያወራለታል፣ ስለ ወንዙ፣ እናቱ የብርጓል ስለ ለበሰችው ነጠላ። ደምለው እናቱን በማያውቀው ወሬ ሲያገኛት እያዳመጠም እየጠፋም ነው።

መጨረሻ ላይ እሱ ጋ ደረስኩ። እጆቹን ከሳህኑ በላይ ዘረጋ። አፈሰስኩለት። እጁን አላሸውም፤ ውሃው ዝም ብሎ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። ቀና ሳይል፣ ከንፈሩን እንኳ በወጉ ሳያንቀሳቅስ ተናገረኝ።

«ወንድሜ እንዳትይኝ» አለ። «ሌላ የፈለግሽውን በይኝ። ሰው ፊትም ቢሆን፣ እሱ ፊትም ቢሆን፣ ያንን ቃል ብቻ እንዳትይኝ።»

አባዬ ጎንበስ አለ፤ ጆሮው ትንሽ ደክሟል። «ምን አለ ልጄ?»

ደምለው አንገቱን ደፋ። አባዬ ሁለታችንን በተራ ያየናል፣ ፊቱ ላይ ያ ሁሉ ደስታ አለ፤ ከዚያ ደስታ ሥር ደግሞ ፍርሃት፣ አንድ ቃል እንዳንናገር የሚለምን።

«ውሃው ቀዘቀዘኝ ነው የሚለው» አልኩት።

«አዬ ልጄን! አሙቂለት እንጂ፣ ወንድምሽ አይደል እንዴ?»

«እሺ አባዬ» አልኩና ውሃ ላሞቅ ጓዳ ገባሁ።